እርምጃን መቁጠርና ሰውን ማሠልጠን፦ የሰውነት እንቅስቃሴ መለኪያዎች ታሪክ ከቂርቆስና ከካዛንቺስ ሲታይ

የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት በአገራችን ትምህርት ቤቶች የክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ላይ ከሰፈረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ይሁን እንጂ «ተማሪው በእርግጥ ምን ያህል ተንቀሳቀሰ?» ለሚለው ጥያቄ መምህሩ የሚሰጠው መልስ ከዓይን ግምትና ከስም መጥሪያ መዝገብ ያለፈ አልነበረም። አሁን ግን በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር፣ ሰዓት የሚመስል መሣሪያ እርምጃን፣ የልብ ምትን፣ የተኬደውን ርቀት፣ የእንቅልፍንም ጊዜ ሳይቀር እየቆጠረ ያቀርባል። በካዛንቺስ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ሠራተኞች የዕለቱን የእርምጃ ቁጥር በስልካቸው ወይም በሰዓታቸው ላይ ሲያስተያዩ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ነገሩ ከመሥሪያ ቤት ወደ ትምህርት ቤት መሻገሩ አይቀርምና፣ ዕቅድ አውጪው ለመግዛት ወይም ላለመግዛት ከመወሰኑ በፊት መሣሪያው ከየት እንደ መጣና ሲመጣም አብሮት ማን እንደ ነበረ ማወቅ ይኖርበታል። በሚከተለው ሐተታ «ዓ.ም.» የተባለው የኢትዮጵያ፣ «እ.ኤ.አ.» የተባለው ደግሞ የአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሰውነትን በሰውነት መለካት ለኢትዮጵያ ሕዝብ አዲስ ጥበብ አይደለም። ስንዝርና ክንድ የሸማኔና የነጋዴ መለኪያ ነበሩ፤ ርቀትም «የአንድ ቀን መንገድ»፣ «የግማሽ ቀን መንገድ» እየተባለ ይነገር ነበር። የቤተ ክህነት ሰዎች የቀኑን ሰዓት ለማወቅ ፀሐይ ላይ ቆመው የራሳቸውን ጥላ በጫማቸው ይሰፍሩ ነበር። በዚህ ሁሉ ውስጥ መለኪያው ሰው፣ የሚለካው ግን ጨርቁ፣ መንገዱና ሰዓቱ ነው። ራሱ ሰውየው የሚለካበት፣ ያውም ጤንነቱ በቁጥር የሚገለጽበት ልማድ የመጣው እግር ሳይሄድ የሚውልበት ኑሮ ከተስፋፋ በኋላ ነው።

እንዲህ ያለው ኑሮ በአዲስ አበባ ውስጥ ስም የሰጠው ሰፈር ቢኖር ካዛንቺስ ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው ተቋም በአኅጽሮት «ኢንቺስ» ይባል ነበር፤ ቤቶቹም በጣልያንኛ «ካዜ ኢንቺስ» ተባሉ፤ የአገሬው አንደበት ደግሞ ይህንኑ አዋሕዶ «ካዛንቺስ» አለው። ስለዚህ የሰፈሩ ስም ቃል በቃል ሲፈታ የመንግሥት ሠራተኛ ቤት ማለት ነው። በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ በአቅራቢያው ተመርቆ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሲሠራበት፣ አካባቢው ይበልጥ የጽሕፈት ቤትና የሆቴል ሰፈር ሆነ። ወንበር ላይ ለሚውል ሰው የተሠራ ሰፈር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከዚያው ቁልቁል ሲወርዱ ግን የአዲስ አበባ ስታዲየምና የመስቀል አደባባይ ይገኛሉ። በአንድ የቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ የአገሪቱ ተቀማጭ ሠራተኛና የአገሪቱ ሯጭ ጎረቤት ሆነው መኖራቸው ለዚህ ታሪክ መነሻ ይሆናል።

ሻለቃ ኦኒ ኒስካነን በትውልድ ፊንላንዳዊ፣ በዜግነት ስዊድናዊ ሲሆኑ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1946 ነበር። በክቡር ዘበኛ ውስጥ የሰውነት ማጎልመሻ አሠልጣኝ ሆነው ሲሠሩ ከሚያሠለጥኗቸው ወታደሮች አንዱ አበበ ቢቂላ ነበር። በ1952 ዓ.ም. ክረምት አበበ በአዲስ አበባ በተደረገ የማራቶን ውድድር 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ማስመዝገቡ በታሪክ ተጽፏል። ይህ ጊዜ ኤሚል ዛቶፔክ እ.ኤ.አ. በ1952 በሄልሲንኪ ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን፣ ማለትም ከ2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ3.2 ሰከንድ ያነሰ ነው፤ የተገኘውም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። የውጭው ዓለም ይህን አልሰማም፤ ቢሰማም የሚያምን አልነበረም። ሰዓቱን በእጁ የያዘው አሠልጣኝ ግን የቁጥሩን ትርጉም ዐውቋል። ያው ቁጥር በሌላ ሰው እጅ ቢወድቅ ኖሮ «ሰዓቱ ተሳስቶ ይሆናል» ተብሎ ሊጣል ይችል ነበር።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ አበበ በሮም ጎዳናዎች ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ በመግባት አሸነፈ። በባዶ እግር የመሮጡ ውሳኔም ከመለኪያ ሳይሆን ከእግሩ የመጣ ነው፤ አዲሱ ጫማ እግሩን ስላቆሰለው አሠልጣኙና ሯጩ ተመካክረው ጫማውን ተዉት። በዚህ ውድድር ውስጥ ለመምህራን ጥሩ ምሳሌ የሚሆን አንድ ነገር አለ። በሰፊው እንደሚተረከው ኒስካነን ለአበበ ከሁሉ በላይ የሞሮኮውን ራዲ ቤን አብደሰላምን እንዲጠብቅ፣ የደረቱም ቁጥር 26 እንደ ሆነ ነግረውት ነበር። ራዲ ግን 185 ቁጥርን ለብሶ ቀረበ። አበበ 26 ቁጥርን ከፊቱ ሲፈልግ ዋናው ተፎካካሪው አጠገቡ ይሮጥ ነበር። ቁጥሩ አሳሳተው፤ ነገር ግን የሚያፋጥንበትን ቦታ በቁጥር አላጠናምና ሩጫው አልተበላሸም። አሠልጣኙና ሯጩ ጎዳናውን አስቀድመው አይተው የመጨረሻው ግፊት መነሻ እንዲሆን የመረጡት በዚያ ዘመን ሮም ላይ ቆሞ የነበረውን የአክሱም ሐውልት ነበር፤ ይኸው ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሷል። አበበ ከሐውልቱ አጠገብ ሲደርስ ፈጠነ፤ ራዲንም በ25 ሰከንድ ያህል ቀደመው።

ከአራት ዓመት በኋላ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ አበበ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ በሆነ ጊዜ ዳግመኛ አሸነፈ። ሁለተኛ የወጣው ሯጭ የገባው ከአራት ደቂቃ በኋላ ነበር። በስታዲየሙ የተገኘውን የጃፓን ሕዝብ እጅግ ያስገረመው ግን ከሩጫው በኋላ ያደረገው ነው፤ በሣሩ ላይ ተኝቶ እግሩን እያነሣና እየጣለ፣ ሰውነቱን እያፍታታ የማሳሳቢያ እንቅስቃሴ ሠራ። 42 ኪሎ ሜትር የሮጠ ሰው ገና ልምምድ የሚጀምር መሰለ።

የዛሬው የእርምጃ ቆጣሪ ታሪክ ከዚህ ሥፍራ ይነሣል፤ ብዙ አንባቢ ይህን ላያስተውል ይችላል። በቶኪዮው ኦሊምፒክ ማግሥት በጃፓን ስለ ጤናና ስለ ሰውነት እንቅስቃሴ ከፍ ያለ መነቃቃት ተፈጠረ። እ.ኤ.አ. በ1965 ያማሳ የተባለ ኩባንያ በወገብ ላይ የሚታሰር መቁጠሪያ አውጥቶ «ማንፖኬይ» ብሎ ሰየመው። «ማን» አሥር ሺህ፣ «ፖ» እርምጃ፣ «ኬይ» መለኪያ ማለት ነውና ስሙ «የአሥር ሺህ እርምጃ መለኪያ» ነው። ዮሺሮ ሃታኖ የተባሉት ምሁርም ሰው በቀን 10,000 እርምጃ ቢሄድ ይበጀዋል የሚለውን ሐሳብ አስፋፉ። እንግዲህ ዛሬ በካዛንቺስ አንድ ሠራተኛ «አሥር ሺህ አልሞላሁም» ብሎ ሲጨነቅ የሚጨነቅበት ቁጥር ለገበያ ከወጣ ስም የተወለደ ነው። በጃፓንኛ አሥር ሺህን የሚያመለክተው ፊደል የሚራመድ ሰው ይመስላል፤ ስሙም ከዚህ የተነሣ ተመርጦ ይሆናል የሚሉም አሉ። ቁጥሩ ክብ መሆኑ ለማስታወስ ይመቻል፤ ለማስታወስ መመቸቱ ግን ከሕክምና ምርምር ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

ምርምሩ የተከተለው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ የታተመ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 72 ዓመት የሆነ ከ16,000 በላይ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት፣ በቀን 4,400 ያህል እርምጃ የሚሄዱት 2,700 ያህል ብቻ ከሚሄዱት ይልቅ የሞት አደጋቸው በግልጥ ያነሰ መሆኑን፣ ጥቅሙም እስከ 7,500 ገደማ እየጨመረ ከዚያ በኋላ ረግቶ እንደሚቆም አሳይቷል። ይህ ለዕድሜ ባለጠጎች የተገኘ ውጤት ስለ ሆነ ለተማሪ ልክ ነው ሊባል አይችልም። ሆኖም ለሁሉም አንድ ቁጥር መስጠት ምን ያህል ስሕተት እንደ ሆነ ያስረዳል።

የልብ ምት መለኪያውም ታሪክ ከአሠልጣኝ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1977 በፊንላንድ የተቋቋመው ፖላር የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1982 ያለ ሽቦ የሚሠራ የልብ ምት መለኪያ አወጣ፤ የሐሳቡም ምንጭ አንድ የበረዶ ሸርተቴ አሠልጣኝ ስፖርተኛው እየሮጠ ሳለ የልቡን ምት ለማወቅ በመቸገሩ የተደረገ ውይይት እንደ ነበር ይነገራል። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ መሣሪያውን እያሳነሰና እያረከሰ የሄደ ለውጥ ነው። በወገብ ላይ የሚወዛወዘው ትንሽ ክብደት በኤሌክትሮኒክ የእንቅስቃሴ መቀበያ ተተካ፤ ከደረት የሚታሰረው ቀበቶ ቆዳ ላይ ብርሃን አብርቶ የደምን መመላለስ በሚያነብ መብራት ተተካ፤ ርቀቱም በሳተላይት ተለካ። እ.ኤ.አ. በ2009 ፊትቢት የተባለው ቆጣሪ ለገበያ ከወጣ በኋላ ደግሞ መሣሪያው ከስፖርተኛ ወደ ማንኛውም ሰው ተዛመተ። በዚህ መስፋፋት ውስጥ አንድ ነገር ቀስ በቀስ ተረሳ፤ እርሱም አሠልጣኙ ነው።

የመረሳቱን ዋጋ የሚያሳዩ ሦስት ጥናቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 ቀደም ሲል የተደረጉ 26 ጥናቶች ተጠቃለው ሲመረመሩ፣ ቆጣሪ የያዙ ሰዎች በቀን 2,500 እርምጃ ገደማ ጨምረው ተገኙ፤ ለጭማሪው ዋና ምክንያት ሆኖ የታየው ግን የዕለት ግብ የተሰጣቸው መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ በሆነው ሁለተኛ ጥናት ከ18 እስከ 35 ዓመት የሆናቸው 471 ወፍራም ወጣቶች ለሁለት ዓመት ክትትል ተደረገላቸው። ሁሉም የአመጋገብና የእንቅስቃሴ ምክር እያገኙ ስድስት ወር ከቆዩ በኋላ ለግማሾቹ በክንድ የሚታሰር መለኪያ ተሰጣቸው፤ የቀሩት በራሳቸው እየመዘገቡ እንዲቀጥሉ ተደረገ። በመጨረሻ መለኪያ የታሰረላቸው በአማካይ 3.5 ኪሎ፣ ራሳቸው የመዘገቡት ደግሞ 5.9 ኪሎ ቀነሱ። በዚያው ዓመት በሲንጋፖር 800 የመሥሪያ ቤት ሠራተኞችን ያሳተፈው ሦስተኛ ጥናት፣ የገንዘብ ሽልማት እንቅስቃሴን እንደሚጨምር፣ ሽልማቱ ሲቋረጥ ግን ሰው ወደ ቀድሞ ልማዱ እንደሚመለስ አሳይቷል። ይህን የመጨረሻውን ውጤት የወጣቶች ክበብ ሲያቋቁሙ በሽልማት ላይ ብቻ የሚተማመኑ ሁሉ ሊያስቡበት ይገባል።

በዚህ ረገድ የራሳችን አገር ልምድ ከሩቅ የሚቀዳውን ያህል ይናገራል። በአርሲ ውስጥ በምትገኘው በቆጂ ከተማ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር የነበሩት ስንታየሁ እሸቱ፣ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን በጅማሬያቸው ያሠለጠኑ ሰው ናቸው። ደራርቱ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና የ10,000 ሜትር የወርቅ ሜዳልያ ስታገኝ በእርሻ መካከል ካለ ሜዳ የተነሣችው ልጅ በዓለም ታወቀች። ከብዙ ልጆች መካከል የማን ትንፋሽ እንደሚረጋጋ፣ ማን ትናንት እንደ ቀረ፣ ማን ዛሬ ሳይበላ እንደ መጣ የሚያውቅ መምህር በነበረበት ቦታ፣ መሣሪያው ባይኖርም መለኪያው አልጠፋም። እርግጥ የበቆጂ ልጅ ትምህርት ቤት በእግሩ ይሄድ ነበር፤ ሜዳም ነበረው። የቂርቆስ ልጅ ሁለቱንም ላያገኝ ይችላልና የበቆጂን ምሳሌ እንዳለ ገልብጦ ማምጣት አይበቃም።

በአዲስ አበባ ሯጮች መካከል የኖረው ብሪታንያዊው የሰው ልጅ ባህል አጥኚ ማይክል ክራውሊ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ኢትዮጵያውያን ሯጮች ለብቻ መሮጥን ለጤና፣ ከሰው ጋር መሮጥን ደግሞ ለለውጥ እንደሚያዩት አመልክቷል። የፊተኛውን እግር ተከትሎ በአንድ ምት መሮጥ በእነርሱ ዘንድ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። የሳተላይት ሰዓት የሚያስሩ ሯጮች ዛሬ በከተማይቱ ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን ሰዓቱ የሚሰጠው ቁጥር ከአሠልጣኙ ዘንድ ቀርቦ ትርጉም ካላገኘ ጌጥ ከመሆን አያልፍም።

ሯጭ ያልሆነው ነዋሪስ? በቂርቆስ ያለው ታሪክ ሦስት መልክ አለው። የመጀመሪያው «የጤና ቡድን» እየተባለ የሚጠራው ነው። የአንድ ሰፈር ሰዎች በቅዳሜና እሑድ ጧት ተሰባስበው ኳስ የሚጫወቱበት ይህ ማኅበር፣ ከሜዳ ውጭ ደግሞ በሐዘንና በደስታ የሚረዳዳ በመሆኑ፣ አባሉ ቢቀር «ለምን ቀረህ?» የሚለው ሰው አለ። የትኛውም ሰዓት ይህን ጥያቄ አይጠይቅም፤ ቢጠይቅም አያሳፍርም። ሁለተኛው በኅዳር 1994 ዓ.ም. በኃይሌ ገብረ ሥላሴ ጠንሳሽነት የተጀመረው ታላቁ ሩጫ ነው። በመጀመሪያው ዓመት 10,000 ሰው የተሳተፈበት ይህ የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ፣ ኃይሌ ራሱ ያሸነፈበት፣ በኋላም የተሳታፊው ቁጥር በብዙ እጥፍ ያደገ ነው። ለጊዜው የሚነሣሣው ሕዝብ ከሩጫው ማግሥት ስንቱ እንደሚቀጥል ግን የመምህራንን ትኩረት የሚሻ ጉዳይ ነው። ሦስተኛው በመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይ በየማለዳው የሚደረገው ልምምድ ነው። አደባባዩ በደርግ ዘመን አብዮት አደባባይ ተብሎ ለሰልፍ ያገለግል ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ መልክ ተሠርቶ ተመርቋል። ስም፣ መልክና መንግሥት ሲለዋወጥ የደረጃው ሯጭ አልተለወጠም። ሂሳቡም ቀላል ነው፤ አንዱን ደረጃ ከዳር እስከ ዳር ይሮጣል፣ ወደሚቀጥለው ይወጣል፣ እንዲሁ እየተመላለሰ ስንት ደረጃ እንደ ጨረሰ ይቆጥራል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» የተባለው መርሐ ግብርም መንገዶችን ለጊዜው ከመኪና ነፃ በማድረግ ተመሳሳይ ዕድል ሰጥቷል።

ከዚህ በኋላ የካዛንቺስ ታሪክ ራሱ ይለወጣል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማት ምክንያት ከካዛንቺስ ብዙ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎች ወደ ከተማይቱ ዳር ተዛወሩ። በቦታው ሰፋፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች ተሠርተዋል፤ ይህም ለመራመድ የሚመች ነው። ዕቅድ አውጪው ሊያጤነው የሚገባው ነገር ግን አለ፤ መንገዱ ሰፍቶ የጤና ቡድኑ አባላት በአራት አቅጣጫ ከተበተኑ፣ ከሁለቱ የትኛው ለጤና ይበልጥ ይጠቅም እንደ ነበር በእርምጃ ቆጣሪ ብቻ ሊታወቅ አይችልም።

ወደ ትምህርት ቤት ስንመለስ ቁጥሩ አስቸጋሪ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ልጆችና ወጣቶች በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ መካከለኛና ከዚያ በላይ የሆነ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል፤ ይህም በሳምንት 420 ደቂቃ ነው። ድርጅቱ ባጠናቀረው ዓለም አቀፍ መረጃ መሠረት ከ11 እስከ 17 ዓመት ከሆናቸው ልጆች 81 በመቶው ይህን አይሞሉም። አንድ ትምህርት ቤት የ40 ደቂቃ የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢሰጥ 80 ደቂቃ ይሆናል፤ ከዚያም ላይ ልብስ መቀየሪያው፣ ሰልፉ፣ ኳሱን መጠበቁ ሲቀነስ የሚቀረውን መምህር ሁሉ ያውቀዋል። በቂርቆስ ጠባብ ግቢ ውስጥ 50 ልጅ ይዞ የሚያስተምር መምህር የሚያስፈልገው 50 ሰዓት ሳይሆን፣ ልጁ ከክፍለ ጊዜው ውጭ ያለውን 340 ደቂቃ በራሱ እንዲሞላ የሚያደርግ ዘዴ ነው። የግቢውን ዙሪያ አንድ ጊዜ በሜትር ለክቶ በኖራ ማስመር፣ ልጁ ሁለት ጣቱን በእጅ አንጓው ላይ አሳርፎ የልቡን ምት ለ15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 እንዲያባዛ ማስተማር፣ ከትናንቱ ጋር የሚያስተያይበት ደብተር መስጠት፣ በሳምንት አንድ ጊዜም ደብተሩን ከልጁ ጋር ተቀምጦ ማየት፤ እነዚህ ከሳይንስና ከሂሳብ ትምህርት ጋር የሚተሳሰሩ፣ ዋጋቸውም የጠመኔ ያህል የሆኑ ሥራዎች ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ከባዱ የመጨረሻው ነው፤ የመምህሩን ጊዜ ይጠይቃልና በዕቅድ ውስጥ ጊዜ ሊመደብለት ይገባል።

በእጅ አንጓ የሚታሰረው መሣሪያ ሌላም ጉድለት አለበት። እርምጃን የሚያውቀው ከክንድ መወዛወዝ ስለ ሆነ፣ ክንዱ በማይወዛወዝበት ጊዜ አሳንሶ ይቆጥራል። በካዛንቺስ ወንበር ላይ የሚውለው ሠራተኛ በምሳ ሰዓት ክንዱን እያወዛወዘ አንድ ዙር ሲመለስ ቁጥሩ ይመዘገብለታል። በሁለት እጁ ጋሪ የሚገፋው ልጅ፣ ሕፃን አቅፋ ወደ ጤና ጣቢያ የምትሄደው እናት፣ ከእንጦጦ ቁልቁል የእንጨት ሸክም በጀርባዋ አዝላ ገመዱን በሁለት እጇ ጨብጣ የምትወርደው ሴት ግን ይህ መሣሪያ ቢታሰርላቸው ማምሻውን የሚያነቡት ቁጥር ከሠራተኛው ያነሰ ሊሆን ይችላል። የእነዚህ ሰዎች ልጆች በዚያው ክፍል ውስጥ ከሠራተኛው ልጅ ጎን ተቀምጠዋል፤ ብዙዎቹም ከትምህርት በፊትና በኋላ ሥራ ያግዛሉ። መምህሩ ደብተራቸውን ሲያይ ውኃ የቀዱበትንና ሸክም የተሸከሙበትን ሰዓት የሚጽፉበት ረድፍ ቀድሞ ማስመር ይኖርበታል።